ቆብ ያጡ ሸማቾች

ባለፈው ሳምንት ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነስቼ ሽቅብ ወደ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። «ወጣሁ» ማለቴ ለወግ ያህል ነው፤ በየአሥር እርምጃው እየቆምኩ፣ ሱቅ የማይ እየመሰልኩ፣ ትንፋሼን ስለቅም ነበር። አንዱ ማረፊያዬ ላይ ቀና ስል ከአንዲት ጠባብ ቤት በር በላይ «ሳይ ቤት» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ከፕላስቲክ ተቆርጠው የተለጠፉ ቀይ ፊደላት ናቸው። ከመጀመሪያዋ ፊደል አናት ላይ የነበረችው ቁራጭ ተገንጥላ ወድቃለች፤ ሻይ ቆቡን ጥሎ ሳይ ሆኗል። ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። አንድ የታክሲ ረዳት አዘነልኝና «አባባ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። የድሮ ወንጀሌን አግኝቼው ነው» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ተሳፋሪዎቹ ተመለሰ።

ወንጀሉን ለሱ ልነግረው አልቻልኩም፤ መኪናው ሊሞላ ነበር። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጣልያን ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ፒያሳ ገና ግማሽ አፏ ጣልያንኛ ነበር፤ ባንኮኒው፣ ማኪያቶው፣ መኪናው፣ ፓስቲው። እኔ ደግሞ ፀጉር ነበረኝ። ይህን የማነሳው ለጉራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በኋላ ለሚመጣው ጥፋት ፀጉሬም ተጠያቂ ስለሆነ ነው። በቅባት አስተኝቼው፣ ማበጠሪያ ከኪሴ ሳላጣ፣ መስታወት ባለበት ሁሉ ራሴን ሰላም እያልኩ የማልፍ ጎረምሳ ነበርኩ። በዚያ መሀል የመንግሥት ሥራም ነበረኝ፤ በጽሕፈት መኪና መጻፍ።

መሥሪያ ቤታችን ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ በሚንጫጫ የእንጨት ደረጃ የሚወጣ ሁለት ክፍል ነበር። ስሙ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል ይባላል። ገበያ ላይ የተታለለ ሰው እኛ ዘንድ ይመጣል፤ አቤቱታውን እንጽፍለታለን፤ ነጋዴውን አስጠርተን ስለ ገዢው እንናገራለን። ቢያንስ ወረቀቱ እንዲያ ይላል። «ሸማች» የሚለው ቃል ራሱ ያኔ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ እንግዳ ነበር። ሸማች ማለት እህል ተራ ቁና ይዞ የሚጨቃጨቅ ሰው ነው እንጂ ቢሮ ተከፍቶ ጠበቃ የሚቆምለት ሰው ነው ብሎ ማን አስቦ ያውቃል?

ሦስት ነበርን። አለቃችን አቶ መኩሪያ ረጋ ያሉ፣ ዝንብ የማይነኩ ሰው ነበሩ። አንድ ጉድለት ነበረባቸው፤ ነጋዴ ይፈራሉ። ትልቅ ነጋዴ ደረጃውን ሲወጣ ተነስተው ወንበር ይስቡለታል፣ የቤተሰቡን ደህንነት ይጠይቁታል፣ ከዚያ በአቤቱታው ግርጌ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው «በምክር ታልፏል» ብለው ይጽፋሉ። ሁለተኛዋ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ቅቤ፣ ማርና በርበሬ የሚመረምሩልን እሳቸው ነበሩ። ትምህርታቸው ገበያ ነው። ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ሰደድ አድርገው፣ አሸት አሸት አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱትና «ይኸኛው ላም አይቶ አያውቅም» ይላሉ። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ያኔ ዋና ጠላታችን ነበር። ክፍሉ ከጧት እስከ ማታ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ሲኒማ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከየት ገጠር መጣህ እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

ሦስተኛው እኔ፣ አበራ። አራተኛ ልንቆጥረው የሚገባው የጽሕፈት መኪናዬ ነው። አማርኛ እንዲጽፍ የተቀየረ አሮጌ መኪና ሲሆን፣ አንዳንድ ፊደላትን የሚሠራው ከሁለት ቁራጭ ነው። ሰ ትመቱና በላዩ ላይ ጭረቷን ትደርቡበታላችሁ፤ ሸ ይሆናል። ተ ላይ ስትደርቡ ቸ፣ ደ ላይ ስትደርቡ ጀ። ያችን ጭረት «ቆብ» እንላት ነበር። አንድ ቀን የቆቧ መዶሻ ተሰበረች። ጠጋኙ ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ጠብቁ አለን። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ ዕቃው አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ባለ ቆብ ፊደል በመጣ ቁጥር ሰውነቱን በመኪና፣ ቆቡን በእስክሪብቶ እያደረግሁ ነበር የምሠራው። የክፍላችን ስም ራሱ ሦስት ቆብ ይፈጃል። ሸማቾች ያለ ቆብ ምን እንደሚሆን እስቲ በጣታችሁ ሸፍናችሁ እዩት፤ ሰማቶት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከፓርላማ ለትንንሽ ክፍሎች ሁሉ የተበተነ ደብዳቤ መጣ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ እያንዳንዱ ክፍል የዓመቱን ሥራ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ከዚያም ቀርቦ እንዲጠየቅ አዘዘ። አቶ መኩሪያ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። የሰሙትን ነገሩን፤ አንዳንድ እንደራሴዎች «እነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ምን ይሠራሉ? ይዘጉ» ይላሉ። ከተዘጋ እኔ ሌላ ቦታ እጽፋለሁ፤ እሳቸውም ሌላ ጠረጴዛ አያጡም። እትዬ በላይነሽ ግን ወዴት ይሄዳሉ? የቅቤ አፍንጫ የሚፈልግ ሌላ መሥሪያ ቤት በአገሩ አልነበረም። አቤቱታ ይዘው ደረጃውን የሚወጡትም ሴቶች ሌላ የሚወጡት ደረጃ አልነበራቸውም።

አቶ መኩሪያ ሪፖርቱን በእጃቸው ጻፉ፤ እኔ በመኪና ገለበጥኩ። ጽፌ የጨረስኩት ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። የቀረኝ ቆብ ማድረግ ብቻ ነበር፤ ከገጽ ገጽ ስንት መቶ ቆብ! ከሲኒማ ቤቱ በር ደግሞ ሰው መሰለፍ ጀምሯል። ፈረስ የሚበዛበት ፊልም ነው፤ ጓደኞቼ ቦታ ይዘውልኛል። ፀጉሬም ተበጥሯል፤ የተበጠረ ፀጉር ቢሮ ውስጥ ሲባክን አንጀቴ አልቻለም። «ቆቡን ሰኞ በጧት አደርጋለሁ» ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ደረጃውን በሁለት ሁለት ወረድኩ።

ሰኞ ስገባ ጠረጴዛዬ ባዶ ነበር። አቶ መኩሪያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ብለው፣ ሪፖርቱን አልቆ አግኝተው፣ ደስ ብሏቸው፣ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለነበር በልምድ ፈርመው፣ ሰኞ ማለዳ ራሳቸው አራት ኪሎ አድርሰውታል። «ተባረክ አበራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኑ ጨረስክ» አሉኝ። እኔም አሜን ብዬ ተቀመጥኩ። መናገር ይገባኝ ነበር። ሰው ግን አመስግኖህ ሳለ ምስጋናህን መመለስ ይከብዳል፤ ለኔ ደግሞ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሳምንት በኋላ መጥሪያው መጣ። አቶ መኩሪያ ጮክ ብለው አነበቡት። «ለሰማዕታት ጉዳይ ክፍል ኃላፊ» ይላል።

«ሰማዕታት?» አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጸዱ፣ መልሰው አደረጉ። «እኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?»

እኔ ወዲያው ገባኝ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ዳዊት የደገሙ፣ ስንክሳር ያነበቡ ሊቅ መሆናቸውን ሰምቻለሁ። «ሰማቶት» የሚል ቢያዩ ይህ የዘመኑ ልጅ ፊደል አያውቅም ብለው ነው የሚያስቡት። «ነጋዴዎት» የሚለውን «ነጋዴዎች» አድርገው ማረም ቀላል ነው። ሰማቶት ግን ምንድን ነው? ሸማች ለሳቸው የመንግሥት ቃል አይደለም፤ ሰማዕታት ግን በየቀኑ አፋቸው ላይ ያለ ቃል ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቀይ ቀለም አርመውልኛል ማለት ነው። የራሳችን ማኅተም እንኳ ገና አልተቀረጸም ነበርና ስማችንን የሚያስረዳላቸው አንዳች ነገር አልነበረም።

«መጥሪያውን የጻፈው ሰው ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ። ድምፄ እንደ ድመት ቀጥኖ ወጣ። እትዬ በላይነሽ ቅቤ እንደሚመረምሩ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደኔ አሸተቱ።

የቀጠሮው ቀን፣ ኅዳር ታጥኖ ባደረ ማግስት፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግራችን ሄድን። ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ያቃጠለበት ጭስ ገና በየቦዩ ተኝቶ ነበር። ፀሐይዋ ደህና ብትሆንም ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አቶ መኩሪያ ከመነጽር እስከ ጫማ ተወልውለው ከፊት፣ እትዬ በላይነሽ አዲስ ነጠላ ለብሰው መካከል፣ እኔ ፋይሉን ታቅፌ ከኋላ። ፀጉሬን አላበጠርኩም። ሊቀጣ የሚሄድ ሰው እንዲያ ሲሆን ደግ ነው ብዬ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊታውራሪ ደበበ የሚባሉ ሽማግሌ አርበኛ ነበሩ። ሁሉም እንደራሴዎች በዕለት ልብሳቸው ተቀምጠው እሳቸው ብቻ ካባ ደርበው፣ ሜዳይ አድርገው መጥተዋል። ያን ሳይ ወደ አቶ መኩሪያ ጀርባ ተጠጋሁ። ለቅቤ ሜዳይ የሚያደርግ ሰው የለም።

«አቶ መኩሪያ፣» አሉ ፊታውራሪ፤ በቀይ የታረመው ሪፖርታችን ፊታቸው ተዘርግቷል። «ይህን ወረቀት ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩንም አላውቅም ነበር። ሰማዕታት ስትሉ የሰማዕታቱን ወገኖች ማለታችሁ እንደሆነ ገብቶኛል። ስሙ እንግዲህ፣ ላንብብላችሁ።» አነበቡ። «ሰማዕታት በየማክሰኞውና በየዓርቡ ከበራችን ተሰልፈው ይታያሉ። አንዲት ሰማዕት ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ይዛ ቀርባ፣ ነጋዴው በምክር ታልፏል። አንድ ሰማዕት ውኃ የገባበት ማር ይዞ ቀርቦ፣ ነጋዴው በምክር ታልፏል። ለሰማዕታት ወደፊት ቀምሰው እንዲገዙ ተነግሯቸዋል።»

አንድ ወጣት እንደራሴ አፉን በመሐረብ ያዘ። አቶ መኩሪያ እንደ ሐውልት ቆመዋል።

«የወንድሜ ልጆች አሉ» አሉ ፊታውራሪ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አባታቸው የወደቀበትን እንኳ አያውቁም። እንዲህ ያለ ቢሮ እንዳለ ማን ነገራቸው? እናንተስ ደጃችሁ የደረሱት እንዲህ እየተበደሉ በምን ልብ ነው በምክር ታልፏል የምትሉት?»

አቶ መኩሪያ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ነው እግሬ ሳያስፈቅደኝ ወደ ፊት የሄደው።

«ፊታውራሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቆብ ነው።»

«ምን?»

«ቆብ ነው የጎደለው፣ ጌታዬ። መኪናዬ ቆብ የለውም። ቅዳሜ ዕለት ሳላደርገው ሲኒማ ሄድኩ። ሰማዕታት አይደለም፤ ሸማቾች ነው።»

እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ከቀዩ እርማት በታች «ሰማቶት» የሚለውን ፈልጌ ቆብ፣ ቆብ፣ ቆብ አደረግሁበት። ፊታውራሪ አዩት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸው ወደ ሜዳያቸው ሄደና ሸፈን አደረገው፤ ያለ ቦታው ይዘውት የመጡ ይመስል። በዕድሜዬ ብዙ አሳፋሪ ነገር ሠርቻለሁ፤ ከሁሉም ያች የእጃቸው ነገር አትረሳኝም።

ወጣቱ እንደራሴ እንባውን ጠርጎ «እንግዲያው ነገሩ የገበያ ጭቅጭቅ ነው፤ ለዚህማ ቢሮ አያስፈልግም። ይዘጋና ጊዜያችንን እናትርፍ» አለ። ሌሎቹም ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

«እኔም ልናገር ይፈቀድልኝ» አሉ እትዬ በላይነሽ። ማንም አልፈቀደም፤ ማንም አልከለከለም። «ባሌን በየካቲት ጣልያን ከደጅ ወስዶ ገደለብኝ። እሱ ሰማዕት ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን የምገዛ፣ ብቻዬን የምታለል ሸማች ነኝ። በኔ ቤት ሁለቱም ነበሩ ጌታዬ። የዚህ ልጅ መኪና ያን ያህል አልዋሸም።»

ወረቀት የሚሰበስብ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ፊታውራሪ እትዬ በላይነሽን ተመልክተው ወደ አቶ መኩሪያ ዞሩ።

«ይህን ወረቀት ሰማዕታት ብዬ ሳነበው በምክር ታልፏል የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ደሜ ሲፈላ አደረ። አሁን ሸማቾች ነው አላችሁኝ። እሺ። ታዲያ ደሜ ለምን ይቀዘቅዛል? ሴትየዋ ያችው፣ ሙዙም ያው። ገና ከመጀመሪያው ሸማች ቢለኝ ኖሮ አንብቤ አዛግቼ አልፌው ነበር። እውነቱን ልናገር።» ከዚያ ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። «ቢሮው አይዘጋም። ከሦስት ወር በኋላ ትመጣላችሁ፤ ያን ጊዜ በምክር ታልፏል የሚል አንድ መስመር እንዳላይ። ነጋዴውን የምትፈሩት ከሆነ ይህችን ሴት ፊት ለፊቱ አስቀምጧት።»

ተቃውሞ አልነበረም። ወጣቱ እንደራሴም መሐረቡን ወደ ኪሱ መለሰ።

ስንወጣ ፊታውራሪ በጣታቸው ጠሩኝ። «አንተ ባለ ሲኒማ፣ ስምህ ማነው?»

«አበራ።»

«አበራ፣ ከኔ ጋር የወደቁ ጓዶቼን ስም የያዘ ወረቀት አለኝ። በእጄ ነው የተጻፈው፤ ቀለሙ እየሄደ ነው። በመኪና ትገለብጥልኛለህ። ወንድሜ ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው ያለው። ስሙ ሽፈራው ይባላል።» ትከሻዬን ያዙኝ። «ቆቡን ብትረሳበት ምን እንደሚሆን አስበው።»

አሰብኩት። ሽፈራው ያለ ቆብ፤ ስፈራው።

«እሱ ፈርቶ አያውቅም» አሉና ሄዱ።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ አቶ መኩሪያ ከፊት ከፊታችን ሄዱ። አንድ ፓስቲ የምትጠብስ ሴት አጠገብ ስንደርስ ቆሙ፣ ሦስት ትኩስ ፓስቲ ገዙ፣ አንዱን ሰጡኝ። ዘይቱ ጣቴን አቃጠለኝ። «አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «መኪናው አይደለም ቆብ የሌለው። አንተ ነህ።» እትዬ በላይነሽ ፓስቲ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ሳቁ፤ ከዚያ አቶ መኩሪያም። በማግስቱ ወሬው አራዳን አዳርሶ «አበራ ቆቡ» ተባልኩ። ዛሬም ከጓደኞቼ በሕይወት ያሉት ሁለቱ ሌላ ስም እንዳለኝ ረስተዋል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ትልቁ የቅቤ ነጋዴ ደረጃውን ሲወጣ አቶ መኩሪያ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ጀመሩ፤ ከዚያ ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። እትዬ በላይነሽ ቅቤውን በማንኪያ አቅርበው «ይቅመሱልኝ እስቲ፤ የራስዎ ነው» አሉት። ነጋዴው አልቀምስም አለ። በአቤቱታው ግርጌ ያች ያማረች የእጅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ «የገዛ ቅቤውን ለመቅመስ እምቢ ብሏል፤ ለፍርድ ይቅረብ» ብላ ጻፈች። ክፍላችን ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሮ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገብቶ ቀረ። እስኪቀር ድረስ ግን ፓርላማ በሄድን ቁጥር ፊታውራሪ ሪፖርቱን የሚያነቡት ሸማች በሚለው ቦታ ሁሉ ሰማዕት እያሉ፣ ለብቻቸው፣ በከንፈራቸው ነበር። አይቻቸዋለሁ።

የስሞቹን ወረቀት ገለበጥኩላቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሲኒማም አልሄድኩም። ከላይ ያለው ስም ጋ ስደርስ ቆቡን ቀድሜ በእስክሪብቶ አደረግሁና ፊደሉን ከሥሩ መታሁት። ትንሽ ዘንበል ብሎ ተጻፈ። ፊታውራሪ ጣታቸውን አሳረፉበትና «ይበቃል» አሉኝ።

ወደ ሳይ ቤቱ ልመለስ። ገባሁና ለባለቤቲቱ፣ ለአንዲት ወጣት፣ ቆቡ መውደቁን ነገርኳት። «አውቃለሁ አባባ» አለችኝ ብርጭቆ እያጠበች። «ግን ሰው ሁሉ ሻይ ብሎ ነው የሚያነበው።»

«እንዲያ ብለን ነበር እኛም» አልኳትና ጥቁር ፕላስተር ጠየቅኳት። ወንበር ላይ ወጣሁ። የቅድሙ ረዳት በመንገድ ሲያልፍ አየኝና ሮጦ መጥቶ ሁለት እግሬን ያዘ፤ ይህ ሽማግሌ ዛሬ ሳይሞት አያድርም ያለ ይመስለኛል። ቆቡን ለጠፍኩት። ትንሽ ዘንበል ብሏል። ከዚያ ሻይ ጠጣሁ፤ ሦስታችንም ጠጣን፤ ልጅቷ አላስከፈለችኝም።

ይህንንም የጻፍኩት በእጄ ነው፤ ሸ ስጽፍ እስከ ዛሬ ቆቡን አስቀድማለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ፊደል የምትጽፈው ሕንፃ እንደሚያፈርስ ሰው ከላይ ወደ ታች ነው» እያለ ይስቅብኛል። በኮምፒዩተር የሚገለብጥልኝ እሱ ነው፤ እሱም እንደ አባቱ ቅዳሜ ቀትር ላይ ጥድፊያ ይወዳል። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ «ሰማት» የምትል ቃል ካገኛችሁ ስቃችሁ ከማለፋችሁ በፊት ቆም በሉ። ደረጃውን ወጥታ፣ ቅቤዋን ይዛ፣ በር ላይ የቆመች ሴት ልትሆን ትችላለች።